የቮልሷ ሽታና የእናቴ ቅቤ

የአባቴን ቮልስ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የማያውቃት ሰው ጥቂት ነው። ውኃ ሰማያዊ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የፊት ኮፈኗን ከፍቶ ባዶ ሲያገኘው «ሞተሩን ሰርቀውሻል» ያለኝ የባጃጅ ሹፌር አንድ ብቻ አይደለም። ሰው የሚለያት ግን በቀለሟም በሞተሯም አልነበረም፤ በሽታዋ ነበር። ይህችን ቃል እንደፈለጋችሁ አንብቧት፤ ሽ ጠብቃ ብትነበብ ሕመሟ፣ ላልታ ብትነበብ ጠረኗ ነው፤ ሁለቱም ልክ ነው።

ሽታው የከረመ ቅቤ፣ የረጠበ ጆንያና ለዓመታት ያልተከፈተ ጎተራ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ነበር። በጋ ላይ ይተኛል፤ ሰኔ ሲገባ ይነሣል። ሐምሌ ላይ ዝናብ እየወረደ መስኮት ከፍቼ ስለምነዳ ግራ እጄ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን «ላድርሳችሁ» ስላቸው ፊታቸው ላይ ትሕትና ይበዛል። አንዱን ሐኪም በእግር እንዲሄድ አዞታል፤ ሌላዋ ቢሮ የረሳችው ነገር ትዝ ይላታል። አንድ ቀን ሁለቱን ክፍት የፈረስ ጋሪ ላይ፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘው፣ በዶፍ ዝናብ ሲያልፉኝ አየኋቸው። እጅ ነሥተውኝ አለፉ።

በቤታችን ይህ ሽታ ባለቤት ነበረው። ያመጣችው እናቴ ናት፤ ምክንያቱም ያፈሰሰችው ቅቤ ነው። ፍርዱን የሰጠው አባቴ ነው። ምስክሯ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። እናቴ የቋሪት ልጅ ናት፤ ትውልዷ ገበዘ ማርያም ነው። ዘመድ ጠይቀን ወደ ቡሬ ስንመለስ ታላቅ እኅቷ፣ አክስቴ፣ አንድ ማሰሮ ቅቤ ሰጠቻት፤ አፉ በኮባ ቅጠል ተከድኖ በጨርቅ ታስሯል። ከፊት ወንበር ላይ የገብስ ጆንያ ተቀምጦ ስለነበር እናቴና እኔ ከኋላ ነበርን። ማሰሮው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ፣ በእግሮቼ መካከል ተቀመጠ። «እንዳያዘም ጠብቂ» ተባልሁ። እስከ ጅጋ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ገና ግማሽ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክረምቱ ገባ፤ ቮልሷ መሽተት ጀመረች። አባቴ ጠራኝና ጠየቀኝ፤ «ማሰሮው አዝሞ ነበር? ቅቤው ፈስሷል?»

«እንጃ» አልሁ።

እንጃ ምቹ ቃል ናት። «አዎ» ብል ጠባቂዋ እኔ ነኝ፤ «አይ» ብል እርግጠኛ አይደለሁም፤ ተኝቼ ነበር ማለት ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። አባቴ መምህር ስለነበር የተማሪ እንጃ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ መሰለው፤ እንደ አዎ ቆጠራት። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ ራሷን ትቀባበታለች ስል፣ ወይዘሮዋ መኪናዬን ቀባችልኝ» እያለ ያስቃል። እናቴ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ኸማሰሮዬ አንዲት ጠብታ አልወጣችም» አለች። ሰሚ አላገኘችም። ከዚያች ቀን ወዲያ ቮልሷ ውስጥ አልገባችም።

ነገሩን ቀልድ አድርጌ ልጽፈው እችላለሁ፤ ብዙው ቀልድ ነውም። ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቋሪት የሄደችው በአውቶብስ ነው፤ መቀመጫ ሲጠፋ ቆማ። አንድ ዓመት ሁለቱም በአንድ ቀን መሄድ ነበረባቸው። እናቴ አውቶብሱ ላይ ወጣች፤ አባቴ ባዶ ቮልሱን ይዞ አውቶብሱን ተከትሎ አቧራውን እየጠጣ እስከ ቋሪት ነዳ። እኔ አውቶብሱ ውስጥ ከኋላ መስኮት አየው ነበር። እናቴ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም።

አሁን አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኑ ስለደከመ ከሦስት ዓመት በፊት ቁልፉን ለእኔ አስረከበኝ። እነሱ ቡሬ ናቸው፤ እኔ ሥራዬ ፍኖተ ሰላም ነው። የእናቴ ጉልበት ደግሞ የአውቶብስ ደረጃ እንቢ አለ። አምና ለኅዳር ጽዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ገበዘ ማርያም ሳትሄድ ቀረች። ያን ቀን ሙሉ የታጠበ ልብስ መልሳ ስታጥብ ዋለች። አክስቴን በስልክ እንዳናገናኛት፣ አክስቴ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ፈገግ ብላ ዝም ትላለች። እነዚህ ሁለት እኅትማማቾች ካልተያዩ አይገናኙም፤ እንዲተያዩ ደግሞ እናቴ ቮልሷ ውስጥ መግባት አለባት። ዘንድሮ ለኅዳር ሃያ አንድ ይህች መኪና እንዳትሸት አደርጋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

መጀመሪያ በሳሙና አጠብኋት፤ የተጨመረው የሳሙናው ሽታ ብቻ ነበር፣ እሱም በሦስተኛው ቀን ተሸነፈ። የሎሚ ልጣጭ በተንኩባት፤ ጤና አዳም መስታወቷ ላይ አንጠለጠልሁ። ከዚያ መጣችልኝ ያልኋት ብልሃት መጣች። ጋን ሲሸት ምን ይደረጋል? በወይራ ይታጠናል። ታዲያ ቮልስስ ከጋን በምን ትለያለች? ሆዷም ክብ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ወለሏ ላይ ቆርቆሮ አነጠፍሁ፤ በገል ፍም አድርጌ የወይራ ፍልጥ ጨመርሁበትና በሮቿን ዘጋሁ። ጢሱ መስኮቶቿን ነጭ አደረጋቸው። ትንሽ ቆይቶ በበሮቿና በመስኮቶቿ ጥጋጥግ ሁሉ መውጣት ጀመረ። ጎረቤቶቼ በባልዲ ውኃ ይዘው እየሮጡ መጡ። «አይ፣ እያጠንኋት ነው» ስላቸው አንዷ ሴትዮ ባልዲዋን መሬት አስቀምጣ ለረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ውኃዋን ይዛ ተመለሰች።

ውጤቱ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። አሮጌው ሽታ አልሄደም፤ ወይራው ላዩ ላይ ተደረበበት፤ ቮልሷ ቁርጥ ጠላ የወጣበት ጋን ሆነች። ሰኞ ከከተማ ስወጣ ትራፊክ አስቆመኝ። መንጃ ፈቃዴን ሲቀበል አፍንጫው ተንቀሳቀሰ።

«እኅቴ፣ ትንሽ ቀምሰሻል መሰለኝ» አለ።

«ኧረ እኔ አልቀምስም።»

«እስቲ እፍ በይ።»

እፍ አልሁ። ግራ ተጋባ። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ውስጡን አሸተተና «ጋኑ የት ነው ያለው?» አለ።

«ውስጡ ነው ያሉት» አልሁት።

ነገሩን ሳስረዳው ባልደረባውን ጠርቶ አስሸተተው። መንጃ ፈቃዴን እየሳቀ መለሰልኝና «ቀስ ብለሽ ንጂያት፤ የጠጣችው እሷ ናት» አለኝ።

ቡሬ ስደርስ እናቴ እስከ በሩ ድረስ መጣች፤ በሃያ ዓመት ለመኪናዋ እንዲያ ስትቀርብ አላየሁም። አልገባችም፤ ደፏን በእጇ ይዛ አሸተተች። አባቴ ከኋላዋ በዘንጉ ተደግፎ ቆሟል።

«ወይራ ነው?» አለች።

«አዎ እማማ።»

«ግራዋስ?»

«ግራዋ አላደረግሁም።»

«ጋን መጀመሪያ በግራዋ ይፈተጋል፤ ኸዚያ ይታጠናል፤ ኸዚያ ይጠነሰስበታል። እናንተ ፍተጋውን ዘላችሁ ምን ልትጠነስሱብኝ ነው?»

አባቴ ሰሙም ወርቁም ገብቶት ሳል ሳል አለው። እናቴ እጇን ከመኪናዋ አንሥታ በነጠላዋ ጠረገች። «ካፖርትም ቢሆን ሽታ የሚይዘው ኸገበሩ ነው። ገበሩን ግለጡትና እዩት፤ ኸዚያ የማን እንደሆነ ይታወቃል» ብላ ወደ ቤት ገባች።

የዚያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር አለ። እናቴ የሸሸችው ሽታውን አልነበረም፤ ፍርዱን ነበር። እኔ መኪናዋን ሽቶ በሽቶ ባደርጋት እንኳ «ቅቤሽ ለቀቀ» ከማለት በቀር ምንም አላደረግሁላትም ነበር። ይህ ሲገባኝ ተናደድሁ፤ መጀመሪያ በአባቴ፣ መንገድ ላይ ደግሞ በራሴ።

ፍኖተ ሰላም ከገበያው ጀርባ የባጃጅ ወንበርና የጋሪ መቀመጫ የሚሰፋ ባለሙያ አለ። የአባቴ ተማሪ ነበር። ቮልሷን ዞሮ ዞሮ አያትና «ቮልስ ሠርቼ አላውቅም፤ ግን መቀመጫ መቀመጫ ነው፤ ወለልም ወለል ነው። ሁሉንም አውጥተን ላሜራዋ ድረስ እንወርዳለን» አለ። በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀጠረኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ከቡሬ በሚኒባስ መጣ። «የእናትሽን ቅቤ በዓይኔ ልየው» አለና ከጥላው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ዘንጉን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ። ፈተና ሊፈትን የመጣ ነበር የሚመስለው።

መቀመጫዎቹ ወጡ። ከሥራቸው ጠመኔ ወጣ፤ ብዙ ጠመኔ፤ የእኔ የፀጉር መያዣ፤ አንድ የታጠፈ የፈተና ወረቀት። አባቴ ወረቀቱን ገልጦ አየና «አርሜዋለሁ ብዬ ነበር እኮ» ብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ የጎማው ምንጣፍ ተነሣ፤ ከሱ ሥር ያለው ሞኬት በእጅ ሲነካ ይፈርሳል። ከሞኬቱ ሥር ጥቁር ሬንጅ የተቀባ ነገር ነበር። ባለሙያው በካቻቢቴ ጫፉን ፈልቅቆ ጎተተው። ጎተተውና ቆመ።

«መምህር» አለ፣ «ይህች መኪና ፀጉር አላት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ከሬንጁ ሥር፣ ፀጉሩ ወደ ላሜራው ዞሮ፣ የበግ ቆዳ ተለጥፏል። አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው፤ ጥግ ለጥግ ተገጣጥሞ ተቆርጧል። ከፊት በቀኝ በኩል ያለው በስብሶ ሊጥ ሆኗል። ሽታው ከዚያ ሲነሣ ሁለታችንም አፍንጫችንን ይዘን ወደ ኋላ አልን። አባቴ ከዱካው አልተነሣም። ዘንጉን እያየ ነበር።

«አባባ፣ ይህ የሚያውቁት ነገር ነው?» አልሁት።

«ያን ጊዜ ስፖንጅ የት ይገኛል?» አለ። «ወለሏ ይጮኻል፤ ይጋላል። የቅቤው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የአዲስ ዓመቱ፣ የገናውና የፋሲካው በግ ቆዳ ቤት ነበር። አጎዛ ለሰው ከተመቸ ለመኪና ምን ይከፋል አልሁ።»

ባለሙያው ቆዳውን እያገላበጠ «ለፍቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ጨው ነስንሼበታለሁ።»

«ጨውማ እርጥበት ይስባል፣ መምህር። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ሳይንስ።»

መሳቅ ነውር መስሎኝ ከንፈሬን ነከስሁ፤ ባለሙያው ግን ዞሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ለቀቅሁት። አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። የፊት መስታወቱ ዙሪያ ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር፤ ክረምቱ ሁሉ በዚያ ገብቶ ጨዋማው ቆዳ ላይ ሲጠራቀም ኖሯል። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ያን ጊዜ ማሰሮው የቆመባት ቦታ፣ ያለውን ቆዳ እኔ ራሴ ገለጥሁት። ደረቅ ነበር፤ ፀጉሩ እንዳለ ነው። በጣቴ አሸሁት፤ ቅባት የለውም። አሸተትሁት፤ አቧራና በግ ብቻ ነው የሚሸተው። ቅቤ የሚባል ነገር እዚያ ደርሶ አያውቅም። እዚያው ተንበርክኬ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ባለሙያው ሽታው መስሎት ውኃ አቀበለኝ።

ሻይ ልንጠጣ ስንሄድ አባቴ «ለእናትሽ ምን ትያታለሽ?» አለኝ።

«እኔማ የምላት የራሴ አለኝ» አልሁት። «የእርስዎን እርስዎ ይንገሯት።»

እንዲያ ያለ ቃል ለአባቴ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ቆዳው ተፋቀ፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተነሣ፤ ጨው የበላው አንድ ቀዳዳ ተበየደ፤ የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ። ጎሚኒው ተቀየረ፤ ባልዲ ውኃ እየደፋን አንዲት ጠብታ እንዳልገባች አየን። በወለሉ ላይ አዲስ ሬንጅ፣ በሬንጁ ላይ ለባጃጅ ወንበር የሚሆን ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ግራጫ ሞኬት ተነጠፈ። አባቴ በሁለተኛው ቅዳሜም መጥቶ ነበር፤ ሲያይ ቆየና «ለሙቀት ከሥሩ ባና ብናነጥፍበትስ?» አለ። ባና የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው። ባለሙያው ማስቲሽ የነካ እጁን ጭኑ ላይ ጠረገ። «መምህር፣ በግ ይቅርብን» አለው።

በሮቿን ዘግተን ውስጧ ተቀመጥን። ማስቲሽና አዲስ ጨርቅ ሸተተ፤ ሌላ ምንም አልሸተተም። ሞተሯን ሳስነሣት ከኋላ ያለው ድምፅ ራሱ ርቆ ተሰማኝ። አባቴ ከጎኔ ሆኖ እስከ ቡሬ ጭኑ ላይ ጥቁር ፌስታል ይዞ ሄደ።

እናቴ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ በርበሬ ትለቅም ነበር። አባቴ አጠገቧ ቆሞ ፌስታሉን ፈታና ያወጣውን እግሯ ሥር አስቀመጠው። አንድ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ከማሰሮው ሥር የነበረው፣ ደረቁ። «ይኸው» አለ።

እናቴ ቁራጩን አነሣች። ፀጉሩን በጣቶቿ ከፈለችው። «ይህ የገናው በግ ነው» አለች፤ «ቡራቡሬው።» ከዚያ አሸተተችው። ከዚያ ሬንጁን አየች። ሁሉንም ለመረዳት የወሰደባት ጊዜ ሁለት በርበሬ ከመቀንጠስ አይበልጥም። ቀና ብላ ቮልሷን አየቻት።

«እንዲያው ይኸን ሁሉ ዓመት የበግ ለምድ ለብሳ የሰው ስም ስታጠፋ የኖረች እሷ ናት?»

ጥያቄው ለመኪናዋ ነበር፤ ዓይኗ ግን ከመኪናዋ ወደ አባቴ ተሻግሮ እዚያው ቆመ። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እሷ ምን ታድርግ» አለ፤ «ያለበሳት እያለ።»

በኛ አገር አንድ ባል ለሚስቱ ከዚህ የበለጠ ግልጥ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁም። እናቴ በሰሌኑ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ። በርበሬም መልቀም ጀመረ፤ አያውቅበትም፤ ዛላውን ሁሉ ይሰብረዋል። ተራው የእኔ እንደሆነ አወቅሁ።

«እማማ፣ እኔም አለብኝ። ያን ጊዜ አባባ ሲጠይቁኝ እንጃ ያልሁት … ተኝቼ ነበር። ማሰሮውን አልጠበቅሁም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ራስሽ ኸጉልበቴ ላይ ነበር እኮ። ማሰሮዋን በእግሬ ደግፌ የያዝኋት እኔ ነኝ፤ ኸኮረኮንቹ እስተ ቡሬ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«‹ተኝታ ነበር› ብዬ አንቺን አስገርፌ እኔ ልድን?» አለች፤ ስለ በርበሬው የምታወራ ነው የሚመስለው። ከዚያ ለአባቴ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ለጽዮን እሄዳለሁ። ስንመለስ ግን ማሰሮውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት» አለችው።

ኅዳር ሃያ አንድ ጠዋት የፊቱን በር ከፍቼ ያዝሁላት። መጀመሪያ ተቀመጠች፤ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ በእጇ አንሥታ አስገባች። ወለሉን በጫማዋ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገችው። አባቴ ከኋላ ነው። ፍኖተ ሰላምን አለፍን፤ ጅጋ ላይ ለገበያ የሚመጣው ሰው እስኪያልፍ ቆምን፤ ከዚያ ወደ ቋሪት ታጠፍን። እርሻው ላይ ስንዴ እየታጨደ ነበር። እናቴ እያንዳንዱን መንደር በስሙ እየጠራች ሄደች፤ አውቶብስ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አይታው እንደማታውቅ ነገረችን። መስኮቷን ግን ከቡሬ እስከ ገበዘ ማርያም ድረስ እንደከፈተች ነው። ዳገቱ ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች እንጂ አልዘጋችውም። እኔም ይዝጉት አላልኋትም።

አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቮልሷን አየች፤ ከፊት ወንበር የምትወርደውን አየች፤ እጆቿን ዘረጋች። አንዳቸውም ምንም አልተናገሩም፤ የሚሰማም አልነበረም። ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዷ የአንዷን ጉልበት ስታሽ ዋለች። ልንመለስ ስንል አክስቴ ገብታ አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዛ ወጣች፤ በኮባ የተከደነ፣ በጨርቅ የታሰረ። እናቴ በጣቷ አባቴን አሳየቻት።

አባቴ ማሰሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቀፈው። ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ የእናቴ መስኮት አሁንም ክፍት ነው። ጅጋ ሳንደርስ አንዲት ድልድይ አለች፤ ከሷ ሲወርዱ መንገዱ በድንገት ይሰበራል። አየሁትና ፍሬን ያዝሁ፤ ዘግይቼ ነበር። ቮልሷ ዘለለች። ከኋላ «ኧኸ» የሚል ድምፅ መጣ።

እናቴ አንገቷን አላዞረችም። «ፈሰሰ?» አለች።

በመስታወቱ ውስጥ አባቴን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። በአፌ ውስጥ ያቺ ሦስት ፊደል ቃል መጥታ ቆማለች፤ በእሱም አፍ ውስጥ እንደቆመች አውቃለሁ።

«ፈሷል» አለ አባቴ። «ኮባው ሾልኮ ወንበሩ ላይ ፈሷል። እኔ ነኝ፤ እጄን አላልቼው ነው።»

መንገዱ ተስተካከለ፤ የጅጋ ቆርቆሮዎች ከሩቅ መታየት ጀመሩ።

«ይሸታል?» ብላ እናቴ ጠየቀችው።

አባቴ ማሰሮውን እንዳቀፈ ጎንበስ አለ። አፍንጫውን ወንበሩ ላይ አድርጎ በደንብ አሸተተ፤ እንደገናም አሸተተ።

«አይሸትም» አለ።

እናቴ እጇን ወደ በሩ ሰደደች፤ እጀታውን እያዞረች መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋችው።